ለመዋኛ ገንዳችሁ የትኛው ምልክት ይሻላል?

አንድ ሰሌዳ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ዋና አስተምርበት በነበረ አንድ ገንዳ አጠገብ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አዲስ እያለ በጭንቅላቱ ወደ ውሃ የሚወረወር ጥቁር ሰው ነበረበት፤ ዙሪያውን ቀይ ክብ፣ በላዩ ላይ ቀይ ሰረዝ። ከዚያ ፀሐይ መታው። ቀይ ቀለም ፀሐይ ላይ ቶሎ ይለቃል፤ ጥቁሩ ይቆያል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአስር ዓመት ገደማ ልጅ ሰሌዳውን በጣቱ እያሳየኝ «ጋሼ፣ ዳይቭ የሚደረገው እዚህ ጋ ነው?» አለኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ቀዩ የለም። የቀረው የሚወረወረው ሰውዬ ብቻ ነው። ከሰሌዳው ፊት ለፊት ያለው ውሃ ደግሞ 1 ሜትር ከ20 ነው።

ባይጠይቀኝስ ኖሮ? ሰሌዳውን ያኔውኑ አወረድኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስንት ወር ሙሉ በአጠገቡ እየተመላለስኩ አላየሁትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የትም ገንዳ ስሄድ መጀመሪያ የማየው ምልክቱን ነው። ሆቴል ያላቸው፣ ጂም የከፈቱ፣ አፓርታማቸው ግቢ ውስጥ ገንዳ ያሠሩ ሰዎች ይደውሉና «የቱን እንግዛ?» ይሉኛል። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ እኔ የምመርጠውን እነግራችኋለሁ። መለኪያዬ አንድ ነው፦ ሰውየው ለመግባት ወይም ለመዝለል በሚወስንባት ቦታ ላይ ቆሞ ያየዋል ወይ?

በር ላይ ያለ ባነር ወይስ ጠርዝ ላይ ያለ ቁጥር?

ብዙ ቦታ የማየው ይህን ነው። መግቢያው ላይ ሃያ ሕግ የተደረደረበት ትልቅ ባነር አለ። የገንዳው ጠርዝ ላይ ግን አንዲት ቁጥር የለችም። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኔ ባነሩን ትቼ ጠርዙ ላይ የጥልቀት ቁጥር አስጽፋለሁ።

ምክንያቴ ቀላል ነው። ሰው በር ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ትኬቱ ላይ፣ ሎከሩ ላይ፣ የልጆቹ ጫማ ላይ ነው። ሃያ መስመር ቆሞ አያነብም። ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን በልቡ ያለው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይውጠኛል ወይስ አይውጠኝም?»

ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ዓይን ጥሩ መልስ አይሰጥም። ብርሃን ከውሃ ሲወጣ ስለሚታጠፍ፣ ቀጥ ብለን ወደ ታች ስናይ ወለሉ የእውነተኛው ጥልቀት ሦስት አራተኛ ላይ ያለ ይመስለናል። 2 ሜትር የሆነው ውሃ 1 ሜትር ተኩል ይመስላል። ከጎን አሻግረን ስናይ ከዚያም ያንሳል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነና ዋና የማይችል ሰው «ቢበዛ እስከ ደረቴ ነው» ብሎ ይገባል። ውሃው ግን ከአናቱ በላይ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም። ገንዳው ሰማያዊ ሴራሚክ ለብሶ ጥርት ብሎ ሲታይ የበለጠ ያሳስቃል።

ስለዚህ ቁጥሩ ሁለት ቦታ ይጻፍ። አንዱ ጠርዙ ላይ፣ መርገጫው ላይ፤ ይህ ለቆመው ሰው ነው። ሌላው ከውሃው በላይ ባለው የገንዳው የውስጥ ግድግዳ ላይ፤ ይህ ውሃ ውስጥ ሆኖ ወደ ጥልቁ እየተንሸራተተ ላለው ሰው ነው። ሁለቱ አይተካኩም። የቁጥሩ ቁመት ከ10 ሳንቲ አይነስ። በአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ ያዘጋጀው የገንዳ ደንብ በቁጥሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከ25 ፊት (ፊት የአሜሪካ የርዝመት መለኪያ ነው)፣ ማለትም ከ7 ሜትር ተኩል ገደማ እንዳይበልጥ ይላል። የእኛ የሆቴል ገንዳዎች ብዙዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ እኔ በየ5 ሜትሩ እላለሁ። ወለሉ ድንገት ቁልቁል የሚወርድባት ቦታ ላይ ደግሞ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ወለሉ ላይ በደማቅ ቀለም መስመር ይሰመር፣ ከላይ ተንሳፋፊ ያለው ገመድ ይዘርጋ። ከሁሉም የከፋችው ቦታ እሷ ናት። እግር «አለ» ብሎ ይረግጣል፣ የለም።

በር ላይ ያለው ሰሌዳ ይቅር እያልኩ አይደለም። በር ላይ የሚወሰን ነገር አለ። ሕፃን ያለ አዋቂ አይገባም። ነፍስ አድን ሠራተኛ አለ ወይም የለም። መጀመሪያ ሻወር። ተቅማጥ ያለበት አይገባም። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ባለቤቶች ነውር ትመስላለች ብለው ይዘሏታል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስ ግን በደንብ ክሎሪን በተጨመረበት ውሃ ውስጥ እንኳ ከ7 ቀን በላይ ይቆያል። ጻፏት። አምስት መስመር ካለፈ ግን የሚያነበው የለም።

ሜትር ወይስ ፊት?

ለኢትዮጵያ ሜትር። ሌላ አማራጭ የለም። ግን ቁጥሩን ብቻ ጽፋችሁ አትተዉት፤ «ሜ» ወይም «ሜትር» የምትለዋ ትግባ።

ከውጭ የመጣ ሰሌዳና የተዘጋጀ ሴራሚክ ላይ ብዙ ጊዜ «5» ብቻ ተጽፎ ታገኛላችሁ። 5 ምን? የአሜሪካ ከሆነ 5 ፊት ነው፤ 1 ሜትር ከ52። ያን ሴራሚክ አዲስ አበባ አምጥቶ መለጠፍ ሰውን ግራ ማጋባት ነው።

ተቃራኒው ደግሞ የባሰ አደገኛ ነው። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያደገ የአበሻ ልጅ የሰፈሩ ገንዳ ላይ «3» ሲያይ 3 ፊት ማለት እንደሆነ ያውቃል። 91 ሳንቲ ነው፤ ወገቡ ጋ ይደርሳል። ያው ልጅ ለእረፍት ከቤተሰቡ ጋር መጥቶ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ገንዳ ዳር «3» ቢያይስ? ለሱ የልጆች ቦታ ነው። ለእኛ 3 ሜትር ነው። በየዓመቱ እንግዳ የሚመጣባችሁ ሪዞርቶች፣ እባካችሁ ይህችን አስቡ። «3 ሜትር» ብላችሁ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉ። ከአሜሪካ የሚመጣ እንግዳ ከበዛ ደግሞ ስንት ፊት እንደሆነም ከስሩ ጨምሩ፤ በትንሹ።

አንድ ሌላ አማራጭ አለ። ከቁጥሩ ጎን የሰው ሥዕል አድርጎ ውሃው እስከ ጉልበት፣ እስከ ደረት፣ ከአናት በላይ መሆኑን ማሳየት። በጣም እወደዋለሁ። ማንበብ የማይችል ልጅም ይገባዋል። ግን የአዋቂ ደረት የልጅ አናት ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ቁጥሩን አይተካም፤ አብሮት ይሁን።

ጽሑፍ ወይስ ሥዕል?

ዓለም ላይ ሁለት ትልልቅ መንገዶች አሉ። አንደኛው አይኤስኦ 7010 የሚባለው ዓለም አቀፍ የደህንነት ምልክቶች ደረጃ ነው። እሱ በቅርጽና በቀለም ይናገራል። ቀይ ክብ ከሰረዝ ጋር ክልክል ነው። ሰማያዊ ክብ ይህን ማድረግ ግዴታ ነው። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ተጠንቀቅ ነው። አረንጓዴው ነፍስ ማዳኛው እዚህ አለ፣ መውጫው በዚህ ነው ይላል። ሁለተኛው የአሜሪካው ደረጃ፣ አንሲ ዜድ535 ነው። እሱ ከላይ አንድ ቃል ያስቀምጣል። «ዴንጀር» በቀይ፣ «ዋርኒንግ» በብርቱካናማ፣ «ኮሽን» በቢጫ። ቃሉ የአደጋውን ክብደት ይነግራል። የመጀመሪያው ካልተጠነቀቅክ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት አይቀርልህም ነው፤ የመጨረሻው ቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛው ይሠራል፤ ሰዉ ቃላቱን ከልጅነቱ ያውቃቸዋል። አማርኛ ላይ ግን አይሄድም። «አደጋ»፣ «ማስጠንቀቂያ»፣ «ጥንቃቄ» ብላችሁ ተርጉሙት። ከማስጠንቀቂያና ከጥንቃቄ የቱ ይከብዳል? እኔ ራሴ አላውቅም። እንግዳችሁም አያውቅም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ሥዕሉን እመርጣለሁ። በዚያ ላይ አንድ ቅዳሜ ገንዳችሁ ዳር አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ አረብኛ የሚናገር ሰው ሊኖር ይችላል። ሁሉንም አንድ ሰሌዳ ላይ ከጻፋችሁ ፊደሉ ያንስና ማንም አያነበውም። ሥዕሉ ትልቅ፣ ከስሩ በአካባቢው ቋንቋና በእንግሊዝኛ አንድ አጭር መስመር። ይበቃል።

መስመሯን ስትጽፉ ሁለት ነገር ልብ በሉ።

የመጀመሪያው «ክልክል ነው» የሚለው ነው። በየአጥሩ፣ በየግድግዳው «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ሲል እያየን አድገናል። ዓይናችን ለምዶት ያልፈዋል። ምክንያቱን አብራችሁ ጻፉ፦ «ውሃው 1.20 ሜትር ነው። በጭንቅላት መዝለል አንገት ይሰብራል።» ይህን ያነበበ ሰው ቆም ይላል። የአሜሪካው ደንብ ጥልቀቱ ከ5 ፊት በማይበልጥበት ጠርዝ ሁሉ ላይ የአትዝለል ምልክት ይደረግ ይላል። እኔም 1 ሜትር ተኩልን መነሻ አድርጉ እላለሁ።

ሁለተኛው የፊደሉ ጉዳይ ነው። «አይዝለሉ» የሚለውን ቃል እዩት። ከፊቱ ያለችው «አ» ብትነሳ «ይዝለሉ» ይሆናል። አንድ ፊደል ናት! ፊደሎቹ አንድ በአንድ ተቆርጠው የተለጠፉ ከሆነ፣ ክረምቱ ሲመጣ ቀድማ የምትላቀቀው የጠርዟ ፊደል ናት። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰሌዳው እንደ አንድ ገጽ ይታተም፤ ፊደል እየቆረጣችሁ አትለጥፉ። የአማርኛ ፊደል ደግሞ እርስ በርሱ የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው። ከሩቅ ሰ እና ስ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ተለቅ ብሎ ይጻፍ። አታሚው ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ተቃራኒውን ያደርገዋል፤ እምቢ በሉት።

ቀለም፣ ስቲከር ወይስ ሴራሚክ?

ገንዳው ገና እየተሠራ ከሆነ ሴራሚክ። አስቡበት እንኳ አልልም። ቁጥሩ ተተኩሶ የገባበት ሴራሚክ ፀሐይ አያነሳውም፣ ክሎሪን አይበላውም። በኋላ ማስገባት ግን መሰባበር ስለሚፈልግ ይከብዳል። ተቋራጩን መጀመሪያ ንገሩት። መርገጫው ላይ የሚገባው ሴራሚክ ሻካራ ይሁን፤ የሚያንሸራትት ምልክት ራሱ አደጋ ነው። ቀለሙ ደግሞ ከዙሪያው ጋር ይጣላ። ነጭ ላይ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ። ውሃ ሰማያዊ ላይ ሰማያዊ የተጻፈ ቁጥር ያየሁባቸው ገንዳዎች ብዙ ናቸው። ያምራል፣ አይታይም።

የቆየ ገንዳ ላይ ቀለም ይሻላል። ኢፖክሲ ቀለም፣ በተቆረጠ ቅርጽ፣ ገና እርጥብ እያለ ጥሩ አሸዋ ተነስንሶበት። በደንብ እስኪደርቅ ገንዳውን ዝጉ። በየዓመቱ ታድሱታላችሁ፤ ያን ወጪ ከአሁኑ አስቡት። ስቲከር ግን መርገጫ ላይ አትሞክሩ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ጠርዙ ይነሳል፣ እግር ይጠልፋል። ለጊዜው ብቻ፣ ግድግዳ ላይ ይሁን።

የሚሰቀል ሰሌዳ ከሆነ ላሜራ ርካሽ ነው፤ ግን ከብሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ ይዝጋል። አሉሚኒየም ይሻላል። ቀለሙን ስታዙ ፀሐይ የሚችል መሆኑን ጠይቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጅቡቲ ላይ እንደ ቆየው እዚህ ይቆያል ብላችሁ አትገምቱ። የዚያ ልጅ ሰሌዳ የሞተው በዚህ ነው።

የፍልውሃ ገንዳ ያላችሁ፣ እንደ ሶደሬ ያለው ማለቴ ነው፣ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባችሁ። ማዕድን ያለው ውሃ ግድግዳው ላይ ቅርፊት ይተዋል፣ ቁጥሩንም ይሸፍናል። በብሩሽ ይፋቅ። በብርዳማ ጠዋት ደግሞ እንፋሎቱ ጠርዙን ራሱ ይደብቀዋል። የደረጃው ጫፍ ላይ 5 ሳንቲ ያህል ስፋት ያለው ጥቁር መስመር ካለ እግር ይመራል።

የውሃ ሸርተቴ ላይ

እዚህ ላይ ምርጫው ይለያል፤ ሰውየው የሚወስነው ብዙ ቦታ ላይ ስለሆነ ነው። ቢሾፍቱ ያለው የኩሪፍቱ ዋተር ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ይህን ዓይነት ሸርተቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እያየ ነው። ሕጉን ከልጅነቱ አያውቀውም። ምልክቱ ማስተማርም አለበት።

የቁመት መለኪያውን የት እናድርገው? ከላይ፣ መነሻው ላይ ካደረጋችሁት ልጁ ደረጃውን ሁሉ ወጥቶ «አትችልም» ይባላል። ያለቅሳል፣ አባት ይቆጣል፣ ሠራተኛው ይሸነፋል፣ ልጁ ይወርዳል። ከታች፣ ደረጃው ስር ይሁን። የተተከለ ዘንግ፣ ቁጥሩ በሳንቲ። ሌላው አማራጭ መግቢያው ላይ ለክቶ ባለ ቀለም አምባር ማሰር ነው። ሰው ሲበዛ ይህኛው ይፈጥናል። ግን ልጆች አምባር ይለዋወጣሉ። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ፤ አንዱን ብቻ ካላችሁኝ ዘንጉን።

የቁመት ገደቡን ከሌላ ፓርክ አትቅዱ። ብዙ ቦታ 1 ሜትር ከ20 ወይም 48 ኢንች ታያላችሁ፤ ግን ገደቡን የሚወስነው ያንን ሸርተቴ የሠራው ፋብሪካ ነው። የክብደቱንም እንዲሁ።

መነሻው ላይ የአቀማመጥ ሥዕል ይሁን። እግር ወደፊት፣ በጀርባ መተኛት፣ እጅ ደረት ላይ። ከጎኑ የተከለከለው በቀይ ተሰርዞ። ተራውን ለማስከበር ቀይና አረንጓዴ መብራት ይሻላል ወይስ ሰው? ሰው። መብራቱ የሠራተኛው ረዳት ነው። ከታች የወረደው ልጅ መነጽሩን እየፈለገ መሆኑን መብራት አያይም። ማረፊያው ላይ ደግሞ «ቶሎ ውጡ» ከሚል ጽሑፍ ወለሉ ላይ የተሳለ ወደ መውጫው የሚያመለክት ቀስት ይበልጣል። ውሃ ዓይኑ ውስጥ የገባ ሰው አያነብም።

ባንዲራ

ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሎጅ ያላችሁ ስለ ባንዲራ ጠይቃችሁኛል። ቀለሙ አገር ለአገር ይለያያል። እስራኤል ውስጥ፣ አሽዶድም ሆነ ነታንያ ባሕር ዳር፣ ነጭ መዋኘት ይቻላል፣ ቀይ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ክልክል ነው ይላል። ስፔንና ፈረንሳይ ግን ቀዩ ራሱ አትግቡ ነው። በብዙ አገር ደግሞ ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆነው ባንዲራ ነፍስ አድን ሠራተኛ የሚጠብቀው ቦታ ማለት ነው። እኛ ገና የለመድነው ስለሌለ ከሁለት በላይ አትስቀሉ፤ ላይ ቀይ ታች ቢጫው ለሚጠበቀው ቦታ፣ ቀዩ ለክልክሉ። ትርጉሙን ምሰሶው ላይ ጻፉት። ጠባቂ በሌለበት ሰዓት ባንዲራው ይውረድ። ይህኛው ላይ አልደራደርም።

የማይመረጡ

አንዳንዱ ነገር አማራጭ የለውም። ፓምፕ ክፍሉ በር ላይ ክሎሪንና አሲድ እንዳይቀላቀሉ የሚል ሰሌዳ ይኑር፤ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ገንዳው ዳር የአምቡላንስ ስልክ በትልቁ ይጻፍ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የቀይ መስቀል 907፣ የእሳትና አደጋ 939። ከስሩ የግቢው አድራሻ ይግባ፤ የሚደነግጥ ሰው የት እንዳለ ይጠፋዋል።

ፓምፑ ውሃ የሚስብበት ቀዳዳ፣ የውሃ መምጠጫው፣ ክዳን ተሰብሮ «አትጠጉ» የሚል ወረቀት የለጠፈ ቦታ ገጥሞኛል። እለምናችኋለሁ፣ ይህን አታድርጉ። መምጠጫው ፀጉርና ሰውነት ይዞ ያስቀራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 በዚህ ክዳን ጉዳይ ሕግ ያወጣችው ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር የምትባል የ7 ዓመት ልጅ መምጠጫ ይዟት በመሞቷ ነው፤ ሕጉም በስሟ ይጠራል። ክዳኑ እስኪሠራ ገንዳው ይዘጋል።

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሙከራ አለች። የምልክቱን ናሙና በወረቀት አትማችሁ፣ ሊሰቀል በታሰበበት ቦታ በፕላስተር ለጥፉት። ከዚያ የሠራተኛ ልጅ ይሁን የእንግዳ፣ የስምንት ወይም የአስር ዓመት ልጅ ጥሩ። ጠርዙ ላይ አቁሙትና «ይሄ ምን እያለህ ነው?» በሉት። አትርዱት፣ አትጠቁሙት። ያለውን ቃል በቃል ጻፉት። ሦስት ልጅ ጠይቃችሁ አንዱ ከተሳሳተ ወደ አታሚው ተመለሱ። ከዚያ ሰሌዳው ተሰቅሎ በየስድስት ወሩ ሌላ ልጅ ጥሩና ያንኑ ጠይቁት።